የአባባ ይመር ደንብ

ልጅ ሳለሁ መርሳ ውስጥ በአንድ ጣሪያ ስር አሥራ አንድ ነፍስ እንኖር ነበር፤ የሁላችን አዛዥ አያቴ አባባ ይመር ነበሩ። ያኔ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኩራዟ ትለኮሳለች፣ ጢሷ ዓይናችንን እያስነባ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን፣ እሳቸውም መደባቸው ላይ ሆነው ተረት ያወጉናል። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ በቤቱ የተኳረፈ ሰው ካለ ተረቱን አይጨርሱትም። ጅቡ ደጁን ገፍቶ አፍንጫውን ሲያስገባ ቆም ይሉና፣ «የተኳረፋችሁ ታረቁ፤ ያኔ ይገባል ወይ ይመለሳል» ብለው ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። እኛ በፍርሃት ተቆላልፈን እናድራለን፤ በማግስቱ አኩራፊዎቹን መውጫ መግቢያ እናሳጣቸዋለን።

እኔ የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። ያን ደንብ ግን ዲግሪ የጫነም አያስተምረኝም። ወልድያ ቤት ሠርቼ፣ ልጄ ሰይድ እዚያው አግብቶ ወልዶልኝ፣ ለልጅ ልጆቼም በዚያው ደንብ ነበር የማወጋቸው።

ከተማው ኮሌጅ ከበዛበት ወዲህ የሰው ጓሮ ሁሉ የኪራይ ክፍል ሆኗል፤ እኛም ጓሮ ሁለት ተማሪዎች አሉ። የሰይድ ሚስት ሰዓዳ አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ መጣችና፣ «እማማ፣ የአንቱ ክፍል በመንገድ በኩል በር ስላለው ተማሪ ይፈልገዋል፤ አንቱ ከልጆቹ ጋር ቢሆኑስ?» አለችኝ። ተማሪዎቹ ቆመው ይሰማሉ።

«በገዛ ቤቴ የምታዛውሪኝ ማን ሆነሽ ነው? ከውርጌሳ በአንድ ፌስታል የመጣሽ!» አልኳት።

ፊቷ ዐመድ መሰለ። አንደኛው ተማሪ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ቀን አልተነጋገርንም፤ ለልጆቹ የጀመርኩት ተረትም ጅቡ ደጅ ላይ እንደቆመ ቀረ። ምግቤን በልጅ ትልክልኛለች፣ ሳህኑን በልጅ እመልሳለሁ። ሰይድ መሃል ቆሞ መላው ጠፋው፤ በመጨረሻ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየና ዕቃ ማሸግ ጀመረ። እኔ ኮርቼ፣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» አልኩ።

ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ መሸት ሲል፣ የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሐያት አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ነገ መኪና ይመጣል። ጅቡ ገባ ወይስ ተመለሰ?»

«ደንቡን ታውቂያለሽ። እናትሽን ጠይቂ።»

«ጠየቅኋት። አያትሽን ጠይቂ አለችኝ።» ወደኔ ጠጋ አለችና፣ «አባባ ይመር ራሳቸው ተኳርፈው አያውቁም?» አለች።

አያውቁም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ እምቢ አለኝ። ተኳርፈው ያውቃሉ። ወጡ ጨው በዛበት ብለው እናቴን በእንግዳ ፊት አዋርደዋት ነበር። ያን ምሽት እንደ ደንባቸው ተረቱን አቋረጡ፤ እኛ እናቴን ልንወተውት ስንነሳ ግን፣ «ተቀመጡ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉና ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ጓዳ ገቡ። እናቴ ስታለቅስ ሰማን። ይህን ሁሉ ዘመን የደንቡን ግማሽ፣ የሚመቸኝን ግማሽ፣ ይዤ ኖሬያለሁ።

ተነስቼ ወደነሱ ክፍል ሄድኩ። ሰዓዳ ብርጭቆ በጋዜጣ ትጠቀልላለች፤ ቀና አላለችም።

«ክፍሉን አከራዪው» አልኳት።

«ክፍሉንማ ይተዉት፣ እማማ። ያቺ ፌስታል ናት ያልወጣችልኝ። ወላሂ፣ ልጁ አሁንም ባየኝ ቁጥር ይስቃል።»

«ነገ እሱ ፊት እናገራለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ቤቱ የሷም ነው፣ ያጠፋው የኔ አፍ ነው ብዬ።»

ሌላ ብርጭቆ አንስታ መጠቅለሏን ቀጠለች።

ጠዋት ያ የሳቀው ተማሪ ሲታጠብ ፊቱ ቆሜ እንዳልኩት ተናገርኩ። ሰዓዳ በሩ ላይ ሆና ሰማች፤ የጭነት መኪናው ሲደርስም ራሷ ወጥታ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገረች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ መኪናው ግን ባዶውን ዞሮ ሄደ።

ከአባባ ይመር ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። የቀረኝ ያ ከመደብ እስከ ጓዳ ያለው መንገድ ነው። ያኔ ቅርብ መስሎኝ ነበር፤ አሥር እርምጃ አይሞላም። ከአልጋዬ ተነስቼ ሰዓዳ ዘንድ ስሄድ ነው ርቀቱን ያወቅሁት።