እማዬ ካልሳቀች አይቀረጽም

ታናሽ ወንድሜ አገር ምድሩን ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው፤ የራሱን ጥርስ ግን ያየ የለም። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ አስቂኝ ድራማ ለዓመታት ሲያዘጋጅ ተዋንያኑ «ኮስታራው» ነበር የሚሉት። አላጋነኑም። ቤትም ሲመጣ ያው ነው፣ ግንባሩን ቋጥሮ።

ሰው የማሳቁ ምስጢር እናታችን ነበረች። እኔና እሷ አብረን ነው የምንኖረው። እሱ አዲስ ስክሪፕት በደረሰው ቁጥር ይመጣና አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ባልም ሚስትም ዘበኛም እየሆነ ያነብላታል። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ ሳቋን የምትቆጥብ ሴት ናት። ቀልዱ ካልጣማት «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች፤ በቃ፣ ያ ገጽ ይቀደዳል። ከሳቀች ደግሞ ሆዷን ይዛ ነው። እሷ ያልሳቀችበት አይቀረጽም። ተዋንያኑ «ሳንሱር ቢሮ» ይሏት ነበር። ደግሞ እውነት እውነቱን ለመናገር፣ ተሳስታ አታውቅም።

ከዚያ የመርሳት በሽታው መጣ። መጀመሪያ ምድጃ ማጥፋት ረሳች፣ ቀጥሎ የእኔን ስም። ስሜስ ይቅር፤ ያስደነገጠኝ ሳቋ ነው። ጎረቤታችን የባሏን መሞት እያለቀሰች ስትነግረን እማዬ በሳቅ ፍርስ አለች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ለወንድሜ ነገርኩት።

«ስማኝ፣ እማዬ አሁን በሁሉም ነገር ነው የምትስቀው። በእሷ ሳቅ ሥራህን እንዳታበላሽ።»

«እትዬ ደግሞ፣ አታሟርቺብኝ» አለኝ። «እንዲያውም ድሮ እንዲህ ስቃልኝ አታውቅም።»

አይ ሰው! ደስ ብሎት ነበር እኮ። ዕድሜ ልኩን ሳቋን በስንት መከራ ሲያገኝ ኖሮ፣ አሁን በየመስመሩ ስትንከተከትለት እንዴት ይመነኝ? ገጽ መቅደድ ቀረ።

ስቱዲዮ ውስጥ ግን የሚስቅ ጠፋ። ባልየውን ሆኖ የሚጫወተው አንጋፋ ተዋናይ «ይሄ ቀልድ አፌ ላይ ሞተብኝ» ቢለው፣ ወንድሜ «እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ነው የሳቀችበት፤ የገደልከው አንተ ነህ» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ልብሱን ቀይሮ እንደወጣ አልተመለሰም። ተመልካቹም እሱን ተከትሎ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ጣቢያው ድራማውን ዘጋው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የቢሮ ዕቃውን በካርቶን ታቅፎ መጣ። በሩ ላይ አልፎኝ ገባና እንደ ልማዱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ የሚያነበው ግን አልነበረውም።

«እማዬ፣ ድራማውን ዘጉብኝ። አባረሩኝ» አላት።

እማዬ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ልክ እንደ ድሮዋ።

ፊቷን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ያኔ እንደገባው አወቅኩ። ምላሴ የማያርፍ ሴት ነኝ፤ «ነግሬህ አልነበረም?» ማለት ግን አቃተኝ። አንጀቴን በላው። ያ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ካርቶኑን እንደታቀፈ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

እሷ የሳቅ እንባዋን ጠራረገችና ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«አለቀ፣ እማዬ» አላት።

ይሄም አሳቃት።