በድምፅ ብልጫ የተሰረዘች መስመር

ባለፈው ሰሞን የእኅቴ ልጅ ቤዛ ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ኮምፓይለር የሚባለው ተርጓሚ ፕሮግራም ያወጣላትን የማሽን ትእዛዝ አሳየችኝ። ቁጥርን ከማህደረ ትውስታ፣ ማሽኑ ወደሚያሰላበት ሬጅስተር የምታመጣዋን መስመር ሳይ ጣቴን እሷ ላይ አሳርፌ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ነገርኋት።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ቴክኒክ ተቋም ረዳት መምህር ነበርሁ። ቀመር ሲሰጡት ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይር ትንሽ ኮምፓይለር ጻፍሁ። በአብዮት በዓል እንግዶች ፊት በደንብ ከሠራ፣ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን እላካለሁ ተባለ። ሐሙሲት ያለችው እናቴ ክረምቱ ሳይወጣ የመንገድ በሶዬን ፈጭታ ጨረሰች።

ያ ማሽን ግትር ነበር። ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያሉ ሁለት ቁጥሮችን እዚያው እንዳሉ አይደምርም፤ አንዱን መጀመሪያ ሬጅስተር ወደምትባል ጠባብ ማስቀመጫው ማምጣት ግድ ነው። ኮምፓይለሬም ከእያንዳንዱ ድምር በፊት አንዲት የማምጫ መስመር ይጨምር ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ወቅቱ የቁጠባ ዘመቻ ስለነበር ሁሉም ክፍል የሚቀነስ ነገር ማቅረብ አለበት። ኃላፊያችን ጓድ ሰይፉ ወረቀቴን አገላበጡና «ቁጥሩ ማሽኑ ውስጥ ካለ፣ እንደገና ማምጣት ብክነት አይደለም?» አሉ።

«ያለዚያች መስመር ድምሩ ይበላሻል ጓድ» አልሁ።

«ግለኝነት ይሉሃል ይሄ ነው። መስመሯ ትውጣ የምትሉ?»

የሁሉም እጅ ተነሣ። ከሐይቁ ዳር አብሮኝ ዓሣ በአዋዜ የሚበላው፣ ማሽኑንም ከእኔ እኩል የሚያውቀው ባልደረባዬ ታደሰ ሳይቀር እጁን አወጣ። ማሽን በድምፅ ብልጫ እንደማይሠራ ማን ደፍሮ ይንገራቸው።

በበዓሉ ዕለት ጣና ሞልቶ፣ ነፋሱ የደንገል ሽታ ያመጣ ነበር። የሁለት ወር የጨርቅ ምርት ደምር ተባለ። ሬጅስተሩ ባዶ ነውና ማሽኑ አንዱን ወር ከምንም ጋር ደምሮ የአንድ ወር ምርት አወጣ። እንግዶቹ ተያዩ። ጓድ ሰይፉ ዞር ብለው «ይህ አሻጥር ነው» አሉ፣ እኔን እያዩ። መስመሯን ያወጣችኋት እናንተ ናችሁ ብል የሰማኝ የለም።

በማግስቱ ታደሰ መስመሯን መለሳት፤ ድምሩም ልክ ሆነ። አሻጥሩን አከሸፈ ተብሎ ተጨበጨበለት፣ ጀርመንም እሱ ተላከ። እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደብሁ። እናቴ በሶውን ለጎረቤት ስታድል አልቅሳለች።

ቤዛ «አሁንማ ኮምፓይለሩ ሲያስገባት ማንንም አይጠይቅም» ብላ ሳቀች። አልተቀየምኋትም፣ ልጅ ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ግን ዛሬም ያንገሸግሸኛል። የእኔዋ እውነት አንድ ሌሊት አድራ ጠርታለች፤ ጠርታም ከሌላ ሰው ጋር ሄደች።