ከልጄ ጋር ሲያወሩ

አላህ ይዘንላቸውና፣ በቅርቡ ጭሮ ከተማ የቀበርናቸው አጎቴ ጫት ወዳጅ ነበሩ። ልጄ ወደ በርጫው ቤት ስትገባ ግን የጎረሱትን አውጥተው አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ። ልጄ የምትሰማው በመስሚያ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ጫጫታውንም አብሮ ስለሚያጎላው፣ ሰው ሲበዛ የተናጋሪውን ከንፈር ማየት አለባት። በጫት የተወጠረ ጉንጭ ደግሞ ከንፈርን ያዛባል።

“ሐጂ፣ ገና ሳይመረቅኑ?” እያሉ ጓደኞቻቸው ያሾፉባቸዋል።

“የኔ ምርቃና መጣች፤ እናንተ ትንሽ ዝም በሉ!”

ከዚያ ብርሃን ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ሳይጮኹ፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬስ ማንን አስቀየምሽ?” ይሏታል።

“አስተማሪዬን!” ብላ ትስቃለች።

ለቅሶው ቤት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወራ ነበር። ልጄ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ስታይ ቆየችና መሣሪያዋን አውልቃ ኪሷ ከተተችው። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብዬ ምን እንደሆነች ጠየቅኳት።

“ስለ አባባ እያወሩ ነው። ማንም ግን ወደ እኔ አይዞርም።”

የሚባለውን አንድ በአንድ ደገምኩላት። ሁሉም ገባት። እሳቸው ቢሆኑ ግን ያስቋት ነበር።