ከፍለጋ የጠፋንበት ሳምንት

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብዙ ወር ከርሞ መጀመሪያ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ አለ፤ ብረቱ ላይ የተኛው አቧራ ሲቃጠል የሚሸተው። ሰሞኑን ለንደን ድንገት ቀዝቅዛ የእኔን ስከፍት ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ወዲያው ሆሎዌይ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ወዳለች ጠባብ ክፍል ተመለስኩ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር የወጣን ሁለት ጋዜጠኞች እዚያች ክፍል ውስጥ አንድ የዜና ድረ ገጽ እናዘጋጅ ነበር። እኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ዋና አዘጋጁ ግን አዲስ አበባ ላይ ለረጅም ዘመን ጋዜጣ የመሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ዜና ይዤ ስቀርብ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነበር፤ "ማን አለ? ሌላስ ማን አለ?" ከሁለት ምንጭ ያልተረጋገጠ ነገር በእሳቸው እጅ አልፎ አይወጣም። ከአገር ይዘውት የወጡት ሀብት ሙያቸው ብቻ ነበር፤ እሱም የቀረው በዚያ ድረ ገጽ ላይ ነው።

አንባቢዎቻችን አድራሻችንን በቃላቸው አያውቁትም ነበር። ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ነው የሚያገኙን። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምሠራው የድረ ገጹን ስምና የራሴን ስም እየጻፍኩ መፈለግ ነበር። የት ቦታ ላይ እንደምንወጣ አያለሁ፤ ጽሑፋችንን ምንጭ ሳይጠቅስ የገለበጠ ካለም እይዘዋለሁ። ያኔ ሁሉም የሁሉንም ይገለብጥ ነበር። ዋና አዘጋጁ ይህን ልማዴን ያውቁ ነበር። "ዛሬስ ስምህ አለ?" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ ደውለው፣ ቢሮ ሳልገባ በቀጥታ ሃክኒ ወደሚባለው ሰፈር እንድሄድ ነገሩኝ። ቤታቸውን ልቀቁ ስለተባሉ ተከራዮች ዘገባ ፈልገው ነበር። "ረቡዕንም እዚያው ዋል፤ አትቸኩል" አሉኝ። አትቸኩል የሚል ቃል ከእሳቸው ሰምቼ ስለማላውቅ ትንሽ ገረመኝ፤ ግን ሄድኩ።

ያን ማታ አዲስ አበባ ደወልኩ። እናቴ ከታመመች ሰንብታለች፤ የእኔ የጥገኝነት ጉዳይ ገና ስላልተወሰነ ሄጄ ላያት አልችልም ነበር። ስልኩን እህቴ አነሳች።

"ጸበል ወስደዋታል፤ እዚያ ስልክ አይሠራም" አለችኝ።

"ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው።"

ሐሙስ ቢሮ ገብቼ እንደልማዴ የድረ ገጹን ስም ጻፍኩ። ሁልጊዜ ከላይ የምንወጣው እኛ የለንም። በመጀመሪያው ገጽ አልነበርንም፤ በሁለተኛውም። ወደታች ስወርድ አድራሻችን ብቻውን፣ ከሥሩ አንድ መስመር ማብራሪያ እንኳ ሳይኖረው አገኘሁት፤ ታፔላው ተነቅሎ ቁጥሩ ብቻ እንደቀረ ሱቅ። ከእኛ የገለበጡት ሰዎች በእኛው ጽሑፍ ከላይ ተሰልፈዋል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የገባው አንባቢ ኢምንት ነበር።

ምሳ የምንበላው ታች ካፌው ውስጥ ነው። ባለቤቷ አስመራ የተወለዱ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከእኛ ይልቅ ጥርት አድርገው የሚናገሩ ሴት ነበሩ።

"መንግሥት ነው!" አሉ ገና ሳልጨርስ። "ሌላ ማን ሊሆን ነው?"

"እትዬ፣ መንግሥት የዘጋው ድረ ገጽ አይከፈትም። የእኛ ግን ይኸው ይከፈታል። የጠፋነው ከፍለጋ ላይ ብቻ ነው።"

"አንተ ደግሞ ማስረጃ ካልበላህ አትጠግብም። ይልቅ ይቺን ብላ፤ ቀጥነሃል።" ያላዘዝኩትን ሰሃን ፊቴ ላይ አስቀመጡ።

ወደ ዋና አዘጋጁ ዞርኩ። ማን አለ ብለው እስኪጠይቋቸው ጠበቅሁ።

"ይሆናል" አሉ፤ ዓይናቸውን ከሻይ ብርጭቆው ሳያነሱ።

ከእሳቸው አፍ "ይሆናል" ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልንነሳ ስንል ባለ ካፌዋ ድንገት ጠየቁኝ። ያኔ አንዳንድ ቅዳሜና እሁድ አንድ ሕንፃ ላይ ሴኩሪቲ እሠራ ነበር።

"እሁድ ሺፍት አለህ እንዴ?"

"የለኝም። ኦፍ ነኝ።"

"እሰይ" አሉና ፊታቸውን ወደ ቡና ማሽኑ አዞሩ። ማሽኑ ግን አልተከፈተም ነበር።

ዓርብ ከጠዋት ጀምሬ ተቀመጥኩ። ማሞቂያው አጠገቤ ይሸታል፤ መስኮቱ ላይ የአውቶቡስ ቀይ ጥላ ይመጣል፣ ይሄዳል። የጠረጠርኩትን አንድ በአንድ እያጣራሁ ጣልኩ። ኮምፒዩተሩ በትክክል ይሠራል። ሰብሮ የገባ ሰው የለም። ጽሑፎቹ አልተነኩም። በመጨረሻ የቀረችው አንዲት ትንሽ ፋይል ነበረች። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ለፍለጋ ማሽኖች ይህን ተመልከቱ፣ ያንን አትንኩ የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ይለጥፋል። አንባቢ አያየውም፤ ማሽኑ ግን ከሁሉ በፊት የሚያነበው እሱን ነው። የእኛ ከመጀመሪያው ባዶ ነበር። ስከፍተው ሁለት አጫጭር መስመሮች ተጽፈውበታል። ትርጉማቸው "ማንም እንዳይገባ" ነው።

የተጻፈው ማክሰኞ ነው። የተጻፈውም ከዚያችው ክፍል ነው። ማክሰኞ እኔ ሃክኒ ነበርኩ።

"ጋሼ፣ አገኘሁት" አልኳቸው። "መንግሥት አይደለም። የተዘጋው ከዚሁ ነው።"

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። "እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ። አሁኑኑ ላጥፋው፤ ቶሎ ከከፈትነው ቀስ በቀስ እንመለሳለን።"

"ተወው።"

"እንዴ ጋሼ! የገለበጡን ሰዎች ቦታችንን እየያዙት እኮ ነው። ከቆየ አንመለስም!"

"አውቃለሁ። እስከ እሁድ ተወው።"

መነጽሩ ጠርቷል፤ እሳቸው ግን መጥረጋቸውን አላቆሙም።

እሁድ። እኛ ሰው ሲሞት ለዘመዱ በስልክ አንነግርም። ሥራ የማይገባበትን ቀን አጣርተን፣ ሽማግሌ ይዘን፣ ጎህ ሲቀድ በሩን እናንኳኳለን። የባለ ካፌዋ ጥያቄ፣ የእህቴ ጉንፋን፣ "አትቸኩል" የተባልኩበት ሃክኒ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እጄ የኮምፒዩተሩ ቁልፎች ላይ ነበር። ሌላ የፍለጋ ማሽን ከፍቼ ስሜን ብጽፍ ምናልባት አንድ ቅሪት አይጠፋም። ማጣራት ሥራዬ ነው፤ ዛሬም ሥራዬ ነው። ያን ቀን ግን ማን አለ፣ ሌላስ ማን አለ ብዬ አልጠየቅሁም። ኮምፒዩተሩን አጠፋሁት።

"እሺ ጋሼ" አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ ግን አላስቻለኝም። "አንዷን ገጽ ብቻ መዝጋት ይቻል ነበር።"

"የሚያውቁ ሰዎች ይቻላል ብለውኛል። ብሳሳትስ ብዬ ሁሉንም ዘጋሁት።"

ነገሩን አሟልቼ የተረዳሁት ኋላ ነው። እኛ ስንተኛ ዜና የሚለጥፍልን አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ያለ ባልደረባችን፣ ወሬውን ከአዲስ አበባ እንደሰማ፣ የተነገረኝ መስሎት የሐዘን መግለጫ ከነስሜ አወጣ። ዋና አዘጋጁ ያን ማክሰኞ ማለዳ አይተው አነሱት። ከፍለጋው ላይ ግን ቃላቱ አልጠፉም፤ ስሜን ለሚጽፍ ሁሉ የእናቴ ሞት ከላይ ይወጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስሜን የሚጽፈው ደግሞ ማን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

ድረ ገጹን ሰኞ ከፈትነው። ወደ ቀድሞ ቦታው ግን አልተመለሰም። የገለበጡን ሰዎች ከላይ ቀሩ፤ አንባቢው በዚያው ለመደ፤ እኛም እየሳሳን ሄደን አንድ ቀን ዘጋነው። ዋና አዘጋጁ ዛሬ በሕይወት የሉም። እስከ መጨረሻው ስለዚያ ሳምንት አንዲት ቃል አንስተውብኝ አያውቁም። አልፎ አልፎ የዚያን ድረ ገጽ ስም እጽፋለሁ። ምንም አይወጣም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ፊንስበሪ ፓርክ የነበረችውን ክፍሌን ሳጸዳ ዋልኩ። እኔ የነበረኝ አንድ ወንበር ብቻ ስለሆነ ከታች ከሚኖረው ቱርካዊ ሽማግሌ ተጨማሪ ወንበሮች ተዋስኩ።

"ፓርቲ አለህ?" አለኝ እየሳቀ።

"እንግዳ ነው።"

እሁድ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ለበስኩ። ዳቦ በሻይ በግድ ዋጥኩ፤ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁና። ባቡሩ ከመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እርምጃ ሰማሁ፤ ቀስ ብለው፣ ማንንም እንዳይቀሰቅሱ የሚወጡ ሰዎች እርምጃ። ተንኳኳ።

ስከፍት ዋና አዘጋጁ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ባለ ካፌዋና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አሉ።

"በደህና ነው?" አልኩ፤ ማንም እንደሚለው።

"ቁርስ በልተሃል?" አሉኝ ባለ ካፌዋ።

"በልቻለሁ፣ እትዬ።"

ዋና አዘጋጁ ከትከሻዬ በላይ ወደ ክፍሉ ተመለከቱ። ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩትን ወንበሮች አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ይግቡ ጋሼ" አልኳቸው። "ይቀመጡ።"