«ሀዝባንድ»ን ያስተማርኩበት ቅዳሜ

ደብረ ታቦር ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ትመጣና ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እሷ እዚያ ሳለች ባሏ ሌላ ማግባቱን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሁለት ቃላት ስለተሠሩ ቃላት ሳስተምር «ሀዝባንድ»ን ሰሌዳው ላይ ለሁለት ከፈልኩት።

«የፊተኛው ቤት ነው፤ ባንድ ደግሞ ማሰሪያ። ባል ቤቱን አስሮ የሚይዝ ማለት ነው» አልኩ። አንድ ሰርግ ላይ የሰማሁት ነው እንጂ አጣርቼው አላውቅም።

እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኛ ባለቤት እንደምንለው አይሆንም?»

«አይሆንም። ላንቺ እንደዚያ የመሰለሽ ማሰሪያው ስለላላብሽ ነው» አልኳት።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ጎንበስ ብላ ሰሌዳው ላይ ያለውን ገለበጠች።

በሳምንቱ ፈተና ላወጣ ብዬ ከቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ተዋስኩ። ቃሉ ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች የመጣ ነው ይላል፤ የፊተኛው ቤት፣ የኋለኛው ነዋሪ፣ የራሱን መሬት የሚያርስ ገበሬ። ማሰሪያ የሚባል ነገር የለበትም። ያየኝ ሰው እንዳለ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ቅዳሜ ስህተቴን ልናገር ቆርጬ ገባሁ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ጠመኔውን አነሳሁና ቀጣዩን ትምህርት ጻፍኩ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ቀረች፤ አንበሳሜ ከተማ ሱቅ ከፍታለች አሉ።

ከፋሲካ በኋላ በሚኒባስ ሄድኩ። የፕላስቲክ ጆጎች እየደረደረች አገኘኋት።

«ያን ዕለት ልክ አንቺ ነበርሽ። ባለቤት እንደማለት ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። የዚያኑ ለት ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ይስቁብዎታል ብዬ ነዋ።»

ቁልቁል አየሁ። «ስለ ቀልዱም ይቅር በይኝ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ይቅር ለእግዜር» አለችና ጆግ ወደምታገላብጥ ገዢ ዞረች።

የሳቁት ተማሪዎች ያኔ ትምህርቱን ጨርሰው ተበትነው ነበር። ለእነሱ እስከ ዛሬ አላረምኩላቸውም።