ሳይሞከር የማይሸጥ ጌም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሐጂ ጀማል ያስተማሩኝ አምፖል መሞከር ነው። ሱቃቸው አሰላ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ነበር። ባንኮኒው ላይ ሶኬትና የአምፖል መያዣ የተገጠመበት ጣውላ አለ፤ መሞከሪያ እንለዋለን። «አልማዝ፣ እዚህ ቤት የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሉኝ። «ስለዚህ ገዢው በዓይኑ ሳያይ ምንም ነገር አትጠቀልዪም። አምፖሉ ይብራ፣ ካውያው ይጋል፣ ሬዲዮው ይናገር። ከዚያ በኋላ ነው ገንዘብ የምትቀበዪው።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። በዚያው ቀን አንድ የሲሬ ገበሬ ሬዲዮ አስሞከረኝ። ጣቢያውን ሁሉ አዞረ፣ ባትሪ አስቀየረኝ፣ ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠ፣ በመጨረሻ «ቆይ፣ አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎኝ ወጣ። እኔ ነገር ቶሎ የሚከነክነኝ ሰው ነኝ፤ ፊቴ ተለዋወጠ። ሐጂ አይተውኝ ሳቁ። «ይመለሳል» አሉ። እውነትም ተመለሰ።

ጌም ወደ ሱቃችን የገባው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሪሞትና ቻርጀር ከተደረደረበት ጥግ ጥቂት ሲዲ አስቀመጥን። ቀጥሎ ማጫወቻው ራሱ መጣ። ከዚያ አንድ ሙሉ ግድግዳ ሞላ። ሐጂ «ይኼ የልጆች ነገር ለእኔ አይገባኝም፣ ያንቺ ይሁን» ብለው ለቀቁልኝ። ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀልን፣ ከሥሩ ማጫወቻውንና ሁለት ጆይስቲክ አደረግን። ጌምም እንደ አምፖሉ ይሞከራል። ሲዲው ገብቶ ሜኑው ከመጣ ይሠራል ማለት ነው፤ ጠቅልሎ መስጠት ነው።

ሽፋኑ ጥግ ላይ ቁጥር አለ። ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት ይላል። ምን እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። ልጆቹ እንደ ተከታታይ ፊልም ክፍል ይቆጥሩት ነበር። «አሥራ ስድስትን ጨርሻለሁ፣ አሥራ ስምንትን ስጪኝ» ይሉኛል። እኔም ዓይኔን ሳላሽ «አሥራ ሰባት ገና አልመጣም» እላቸው ነበር። የተጫዋቹ ዕድሜ መሆኑን የነገረኝ ከአዳማ ዕቃ የሚያመጣልን ነጋዴ ነው፤ እሱም ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

እኔ መሳቅ ያቆምኩት አንዲት እናት በገበያ ቀን የመጣች ጊዜ ነው። ሱቁ በሰው ሞልቷል። ትንሽ ልጇን እጁን ይዛ ገባችና አንድ ሲዲ ባንኮኒው ላይ ወረወረች። «ይኼን ማን ነው የሸጠለት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። ጓሮ እንኳን ብቻውን መውጣት ትቷል። አንቺ ልጅ የለሽም?»

እኔም ልጅ አለኝ። ልጁን አየሁት፤ ያጠፋ ይመስል መሬት መሬቱን ያያል። ሐጂ ገንዘቧን መለሱላት። እዚያ ቤት የተሸጠ ዕቃ ሲመለስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማምሻውን «ሐጂ፣ እኔ ከእንግዲህ አሥራ ስምንት የሚለውን ለልጅ አልሸጥም» አልኳቸው።

«እኛ ሻጮች ነን እንጂ አሳዳጊዎች አይደለንም» አሉ። «ለመሆኑ ማንም መጥቶ ጠይቆን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ማዶ ያለው ሱቅስ የልጅ ዕድሜ ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም።»

«ታዲያ እኛ ብቻ ደግ ሆነን ልንዘጋ ነው?»

«እኔ እጄ እምቢ ብሎኛል» አልኩ። ሐጂ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «እሺ፣ ሞክሪው። ሰው ግን እንዳታስቀይሚ» አሉኝ። ሰው ሳያስቀይሙ እምቢ ማለት እንዴት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ልጆቹ እንደዋዛ የሚለቁኝ አልነበሩም። ከመናኸሪያው አንዱን ሥራ ፈት ጎረምሳ ይዘው ይመጣሉ። እሱ «ለራሴ ነው» ይለኛል፣ ገንዘቡን የሰጠው ልጅ በር ላይ ቆሞ ይቁለጨለጫል። እሱን እንኳ ለይቼ መመለስ ለመድኩ። የከበደኝ «አባባ ልኮኝ ነው» የሚለው ነው። እኛ ጋ የተላከ ልጅ ባዶ እጁን አይመለስም። ባትሪ ተልኮ ይመጣል፣ ስኳር ተልኮ ይመጣል። የተላከን ልጅ መመለስ ላኪውን መናቅ ነው። አንድ አባት ደውሎ «ልጄን የመለስሽው ማን ስለሆንሽ ነው?» ብሎ አምባረቀብኝ።

«ይምጡና ይዩት» አልኩት።

እየተቆጣ መጣ። እንደ ደንባችን ልሞክርለት ሲዲውን ከተትኩ፤ ሜኑው ላይ ግን አላቆምኩም፤ ወደ ውስጥ ገባሁ። አባትየው እጁን አጣጥፎ ጥቂት አየ። «አጥፊው። የኳስ ጌም የለሽም?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በዚህ መንገድ ያዝኩት። ልጅ ብቻውን ከመጣ አልሸጥም። ወላጅ አብሮት ከመጣ ስለ ቁጥሩ አልሰብክለትም፤ ከፍቼ አሳየዋለሁ። አይተው «ምን አለበት፣ ጨዋታ ነው» ብለው የገዙም አሉ። ልጁ የእነሱ ነው፣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ገበያው ግን ቀዘቀዘ። ልጆቹ መንገድ እየተሻገሩ ማዶ ይገቡ ጀመር። ሐጂ በር ላይ ወንበር አውጥተው ወደ ማዶ ሲያዩ እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።

በዚያ ላይ የሱቁ ቤት የኪራይ ውል የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ቤቱ የአቶ ገመዳ ነው። አቶ ገመዳ ከተማው ውስጥ ጥሩ ጥሩ ቤቶች ያሏቸው፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ለነገር ሁሉ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ለቤቱ ሌላ ጠያቂ እንዳለ ሰምተናል። ሐጂ ሁሉን ያፈሩት እዚያ ቤት ነው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሱ ነው። እኔም የምበላው ከዚያው ነው። ውሉ ካልታደሰ ሁለታችንም ሜዳ ላይ ነን።

በዚያው ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ አቶ ገመዳ ራሳቸው ገቡ። እናታቸው አዴ ሎሚ አብረዋቸው ነበሩ፤ ከአርቦዬ መጥተው ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት፣ ያን ቀን ከሐኪም ቤት እየተመለሱ ነው። የአቶ ገመዳ ልጅ ናኦልም አለ። ሐጂ ብድግ ብለው ለአሮጊቷ በርጩማ አቀረቡ።

«ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል» አሉ አቶ ገመዳ። «አንደኛ ከወጣህ የፈለግኸውን እገዛልሃለሁ ብዬው ነበር። ናኦል፣ የቱ ነው?»

ልጁ ሳያመነታ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጠቆመ። አሥራ ስምንት የሚለው ነው።

«ጎበዝ። ስንት ዓመትህ ነው?» አልኩት።

«አሥር።»

«አቶ ገመዳ፣ ይኼ ለትልቅ ሰው የተሠራ ነው። ሌላ ላሳይዎት?»

ፊታቸው ጠቆረ። «ቃል ገብቻለሁ እያልኩሽ ነው። ደግሞ አባቱ እኔ እዚህ ቆሜያለሁ። ሌላ ማንን ልትጠይቂ ነው?»

እውነታቸውን ነው፣ አባቱ ናቸው። ሐጂ ከባንኮኒው ሥር በእግራቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። «አልማዝ፣ ጠቅልዪላቸው።»

«ሳይሞከር?» አሉ አቶ ገመዳ። «በኋላ አይመለስም ልትሉኝ! ይሞከር እንጂ።»

ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እስከ ሜኑው ብቻ» አሉኝ። መብራት በጠፋ ብዬ ተመኘሁ። በሌላ ቀን ትንሽ ነፋስ ሲነፍስ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ንቅንቅ አላለም። ሲዲውን ከተትኩ። ስሙ ወጣ፣ ሙዚቃው ተሰማ፣ ሜኑው መጣ።

«ይኸው ሠርቷል!» አሉ ሐጂ በጥድፊያ።

እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። ፈርቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ለሁሉም ወላጅ ከፍቼ እያሳየሁ ቤቱ የእሳቸው ስለሆነ ብቻ ለአቶ ገመዳ ልሸፍን? ይኼ ደግሞ አናደደኝ፤ በራሴም በሐጂም ተናደድኩ። ጆይስቲኩን አንስቼ ለናኦል ሰጠሁት። «ራስህ ሞክረው» አልኩት። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ናኦል ጌሙን ሌላ ቦታ ተጫውቶታል፤ መንገዱን በሙሉ ያውቀዋል። ጣቶቹ ይበራሉ። አቶ ገመዳ ደስ አላቸው። «አየሽው? ጣቱን ተመልከቺ እስቲ!» አሉኝ።

ስክሪኑ ላይ ወታደሮች አንድ መንደር ገቡ። አንዱ በር በእርግጫ ተሰበረ። ውስጥ አንዲት ሻሽ ያሰረች እናት ልጆቿን ይዛ ጥግ ላይ ተሸጉጣለች። እጇን አንስታ ትለምናለች። ቋንቋው አይገባንም፣ ልመናው ግን ይገባል። የአቶ ገመዳ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

አዴ ሎሚ ዜና መስሏቸዋል። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው «ይኼ የት አገር ነው?» አሉ። «ሰዎቹ ምን አድርገው ነው?»

ናኦል ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «አኮ፣ እውነት አይደለም፣ ጨዋታ ነው» አላቸው። አያቱን በኦሮምኛ አኮ ነው የሚላቸው።

«ጨዋታ?»

«አዎ። እኔ ነኝ የምጫወተው።»

«አንተ የትኛው ነህ?»

«በሩን የሰበረው።»

አሮጊቷ ጥግ የተሸጎጠችውን ሴት በጣታቸው አሳዩት። «እሷንስ ማን ነው የሚጫወታት?»

«እሷን ማንም አይጫወታትም» አለ ልጁ። ክፋት የለውም፤ አስተማሪ ጠይቆት እንደሚመልሰው ነው የመለሰው።

አዴ ሎሚ ከበርጩማው ለመነሳት ሞከሩ። ሮጬ ደገፍኳቸው። «ገመዳ፣ ውሰደኝ» አሉ። «እኔ ባለሁበት ቤት ይኼ ነገር አይገባም።» የቀረውን በኦሮምኛ ተናገሩት፤ እንባቸውም መጣ። እኔ አፈርኩ። ያሰብኩት አባትየው እንዲያዩ ነበር፤ አሮጊቷን ማስጨነቅ ሐሳቤ አልነበረም። ናኦል ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀምጦ የአያቱን ቀሚስ ያዘ።

አቶ ገመዳ ድምፃቸውን አላነሱም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ከሐኪም ቤት ያወጣኋትን እናቴን አንቺ ልታሳምሚያት?» አሉኝ። ወደ ሐጂ ዞሩ። «ሐጂ፣ ወይ ይቺን ሴትዮ ያሰናብቱ፣ ወይ ሌላ ቤት ይፈልጉ።»

ሐጂን አየኋቸው። ከሥራ ተባረርሽ የሚለውን ቃል እየጠበቅኩ ቦርሳዬ የት እንዳለ እያሰብኩ ነበር። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አሳረፉ። «አቶ ገመዳ፣ ይሞከር ያሉት እርስዎ ነዎት። እሷም ሞከረች። ያስተማርኳት ይኼንኑ ነው» አሉ።

ሲወጡ በሩን እንኳ አልዘጉትም። ሐጂ ሄደው ዘጉትና «ዕድሜዬን አሳጠርሽው» አሉ። «ሰው እንዳታስቀይሚ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«እስከ ሜኑው አላልኩሽም?»

«ብለውኛል፣ ሐጂ።»

«እንግዲህ ካርቶን ፈልጊ፣ ዕቃ መልቀም እንጀምር» አሉኝ። የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል እዚያ ሱቅ ውስጥ አልቅሼ አላውቅም።

ውሉ አልታደሰም። አቶ ገመዳ ቃላቸው አይታጠፍም ብያለሁ። ዕቃውን ጭነን ልንጨርስ ስንል ቁልፋቸውን ሊረከቡ መጡ። ሐጂ ሰጧቸው፣ ተቀበሉ። መሄድ ሲገባቸው ቆሙ። ከቀሩት ካርቶኖች በላይ ከነማጫወቻው ገና ያልተነቀለውን ቴሌቪዥን አዩት።

«ኳስ አለሽ?» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

«አለኝ።»

«ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሆን?»

ሽፋኑን አሳየኋቸው። ቁጥሩን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ልጠቀልለው ስል እጃቸውን ዘረጉ። «ሞክሪው» አሉ። ሜኑው ሲመጣ ቀና ብዬ አየኋቸው። «ቀጥዪ፣ ወደ ውስጥ ግቢ። እናቴ ምን እንዳለበት አይተህ ሳትነግረኝ ቤት አይገባም ብላለች።» አንዱ ካርቶን ላይ ተቀመጡና እስከ ዕረፍት ድረስ ተመለከቱ። ከፈሉ። ጌሙን በአንድ እጃቸው፣ የቤቱን ቁልፍ በሌላው ይዘው ወጡ።

አዲሱ ሱቃችን ከውስጥ መንገድ ነው፤ ሰው ቶሎ አያገኘውም። ሐጂና እኔ እዚያም ብዙ ሠራን፤ አሁን ሁለታችንም ሥራ ትተን አርፈናል። ሱቁን ተረክባችሁ የጌሙን ግድግዳ የያዛችሁ ወጣቶች፣ ሱቅ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዕድሜ ማስከበር አለበት ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አለበት። ለልጅ ብቻውን አይሸጥም፣ የተላከም ቢሆን። ወላጅ ሲመጣ ከሜኑው አልፋችሁ ክፈቱለት፣ ይየው፣ ከዚያ እሱ ይወስን። ገዢው ማንም ይሁን ማን አሠራሩ አንድ ነው። ደንበኛ ይቀንሳል። እኛ ቤት ለቀናል፤ ቤት ሌላ ይገኛል።