የአንድ ቀን ተኩል መንገድ

በቨርል ማድሰን ቤት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ምግብ ከቀረበ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጠረጴዛው ላይ አገር አለበት። ተራሮቹ ከጀሶ የተሠሩ ናቸው፤ ወንዞቹ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል፤ በየከተማው ላይ ስም የተጻፈባት ወረቀት በመርፌ ተሰክታለች። ቤተሰቡ የሚበላው ማድ ቤት ነው። የምስጋና ቀን ሲመጣ ሃያ ሦስቱ የልጅ ልጆች ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደረጃው ላይ ይደረደራሉ፤ ሚስቱ ናዲንም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ትጠይቃለች።

«ቨርል፣ ዘንድሮስ ሕዝቡ ከጠረጴዛዬ ይነሳልኝ ይሆን?»

«ድንበሩ ገና አልጸናም» ይላታል።

እሷም የበዓሉን የቱርክ ዶሮ ሥጋ ይዛ ወደ ደረጃው ትሄዳለች።

ቨርል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአውራጃው መሬት ቀያሽ ነበር። የሚኖርባት ከተማ ሞሮናይ ትባላለች። ከተራራው ማዶ ኒፋይ አለች፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ማንታይ። ቅድመ አያቶቹ ከዴንማርክ ተነስተው፣ ጫማቸው አልቆ አሜሪካ፣ ዩታ ሲደርሱ፣ ያገኙትን ሸለቆ ሁሉ ነቢያቸው ስለ ጥንት የአሜሪካ ሕዝብ ካወጣው ቅዱስ መጽሐፍ ስም እያወጡ ጠሩት። ስለዚህ የከተማዋ ስም ከየት መጣ ብትል፣ ከመጽሐፉ ይሉሃል። የመጽሐፉስ ከየት መጣ ብትል፣ ሰዉ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል።

ቨርል ግን ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው አልነበረም። በመጽሐፉ ያሉት ከተሞች በእውነት የቆሙት የት ነው? ጓቴማላ ነው ባይ ነው። በወንዙ ዳር የቱርክ ዶሮ የሚያረባው ድዌን ኦከልቤሪ ደግሞ፣ የለም፣ እዚሁ አሜሪካ ትልልቆቹ ሐይቆች አጠገብ ነው ባይ ነው። በእሑዱ የትምህርት ክፍል ጓቴማላዎች በግራ፣ ሐይቆች በቀኝ ይቀመጣሉ፤ መሐል የሚቀመጡት እንቅልፋሞቹ ናቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ አጥቢያ ደግሞ ሁሉም ካርታ ይዟል።

የቨርል ካርታ ከሌላው የሚለየው በእግር የተለካ መሆኑ ነው። መጽሐፉ አገሩን ማይል ቆጥሮ አይናገርም፤ በአንድ ስፍራ ብቻ ከባሕር እስከ ባሕር ያለውን ለዚያ ዘመን ሰው የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ያደርገዋል። ሌላው ሰው ይህን አንብቦ ያልፋል። ቀያሽ ግን አያልፍም። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ሳለ የቆዳ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ ከሞሮናይ ተነስቶ አንድ ቀን ተኩል በእግሩ ወደ ደቡብ ሄደ። የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ጃኒል በአውራጃው የገጠር መንገድ ላይ አሮጌዋን ፒክአፕ እየነዳች ተከተለችው፤ ሕጉን ማንም አልጠየቀም። የማይል ቆጣሪውን እያነበበች ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ሠላሳ ስምንት ማይል ሆነ። የጠረጴዛው አገር በሙሉ፣ ወንዙም፣ ተራራውም፣ ጦርነቱም የቆመው በዚህች ቁጥር ላይ ነው። አጥቢያው ሲጠራት «የቨርል ልክ» ይላታል፤ አንድ ሁለቴ በስብከት ላይ ሁሉ ተጠቅሳለች።

ጃኒል አደገች፣ ሶልት ሌክ ከተማ ሄዳ ተማረች፣ ቤተ ክርስቲያኗንም ተወች። ይህም እንኳ ችግር አልነበረም፤ ለበዓል ትመጣለች፣ ትበላለች፣ አባቷን ታበሽቃለች። ችግር የመጣው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የምስጋና ቀን ነው። አሮጌ የመርከበኞች ካርታና አንድ ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ እስኪ እዚህ ጋ እይልኝ። ከአፍሪካ በስተምሥራቅ። ይሄ ኮሞሮስ ነው። ይቺን ከተማ አንብባት።»

ቨርል መነጽሩን አስተካከለ። «ሞሮኒ ትላለች።»

«ፊደሉ ያው ነው። እኛስ የት ነው የምንኖረው?»

«አጋጣሚ ነው።»

«እሺ ይሁን። ይሄ ወረቀት ደግሞ ነቢዩ ባደገበት አካባቢ፣ በጋሪ ጥቂት ቀን በሚያስሄድ ርቀት ውስጥ ያሉ መንደሮች ናቸው። ድምፃቸውን ስማው፣ ከመርፌዎችህ ጋር አስተያየው፤ ስሞቹን ከዚህ ለቅሞ ቢሆንስ?»

«በየመን በረሃ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ የተገኘውንስ ስም ምን ልትይው ነው? መጽሐፉ ያለው ቦታ ላይ ነው እኮ የተገኘው!»

«እሱም ይቆጠር! ሁሉም ይቆጠር ነው የምልህ። ቀያሽ አይደለህ?»

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው በሁለቱ ባሕር መካከል ያለው የጀሶ ልሳነ ምድር ከመሐሉ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ቨርል ደሙ ፈላ። ሃያ ሰው ደረጃው ላይ ሳህን ይዞ በሚያይበት ጮኸባት።

«እኔ ይህንን አገር በእግሬ ለክቼዋለሁ! በእግሬ! አንቺ ወረቀት ለቃቅመሽ መጥተሽ ነው የምታስተምሪኝ? ከቤቴ ውጪ!»

ጃኒል ረዘም አድርጋ አየችው። ከዚያ ኮቷን አነሳች፣ እናቷን «ድንቹ ጥሩ ነበር» አለቻትና ወጣች። እንደወጣች ቀረች።

አየህ፣ ከማንታይ በኋላ ያለውን ጥቂት ማይል ቨርል በእግሩ አልሄደም። ተረከዙ ተልጦ ደም ጫማውን ሲያርሰው «ጫማ እስክቀይር ነው» ብሎ ፒክአፗ ውስጥ ገባ፤ ከወረደ በኋላም ስለዚያ ነገር ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ «በመኪና ነው የለካኸው» ብትል ኖሮ ሰውዬው አልቆለት ነበር። አላለችም። እሱም አለማለቷን ያውቃል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልኩን ያነሳና፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያስብ፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ልጁ እንድትመለስለት አጥብቆ ይፈልጋል፤ «የቨርል ልክ» እንዲቀርበት ግን አይፈልግም። ሁለቱ ደግሞ አንድ ቤት አይገቡም።

ዘንድሮ በመስከረም ጎማ ቤት ያለው፣ እነሱ ጳጳስ የሚሉት ወጣቱ የአጥቢያ መሪያቸው የግራና የቀኝ አቀማመጡ ሰለቸው። እዚያ አጥቢያ ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ለቤት እንዲጠይቁ ይመደባሉ፤ ጳጳሱም ቨርልን ከድዌን ጋር መደበው።

«ወንድም ማድሰን፣ ጸልዬበት ነው» አለው።

ቨርል ባይስማማም፣ ለዚህ መልስ የሚሆን ቃል እዚያ አገር የለም።

የደረሰቻቸው እህት አርቪላ ስተብስ ናት፣ የዘጠና አንድ ዓመት ባልቴት። በጥቅምት ሲሄዱ ካሮት የገባበት፣ ጄሎ የሚሉትን አረንጓዴ የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ አቀረበችላቸውና ወሬያቸውን ጥቂት አዳመጠች።

«እናንተ ልጆች» አለች፤ «ሺህ ምናምን ዓመት የፈረሰ ከተማ ትፈልጋላችሁ። የእኔ ደረጃ ከፋሲካ ጀምሮ ተሰብሮ አላያችሁትም?»

መዶሻ ተሰጣቸው። ድዌን ጣውላውን ይዞ፣ ቨርል ምስማር እየመታ፣ ጭቅጭቁ ከቤት ውጭ ቀጠለ።

«ቆይ፣ ያቺን ልክህን ግን ማን አየልህ?» አለ ድዌን።

«ጃኒል ነበረች።»

«ኧረ ተው! ሌላ ሰው አጥተህ ነው? ሃይማኖቷን የካደች ሰው ምስክር ትሆናለች እንዴ? ነገ ተነስታ አውሬ ነው ያየሁት ብትልስ?»

ቨርል መዶሻውን አስቀመጠ። «ጃኒል ዋሽታ አታውቅም» አለ። «በሕይወቷ አንድ ቀን ዋሽታ አታውቅም። አፍህን ሰብስብ!»

ይህን ሲል የገዛ ድምፁን ሰማው። ሳትዋሽ የኖረችው እሷ፣ ከቤት የተባረረችውም እሷ። ቀሪውን ምስማር መታ፤ ከአራቱ ሁለቱ ጠመሙ።

በኅዳር መጀመሪያ እሑድ አጥቢያው ጾም ነበር። በጾም እሑድ ስብከት የለም፤ የፈለገ ሰው ይነሳና ምስክርነቱን ይሰጣል፤ «አውቃለሁ» እያለ። ቨርል በዕድሜው ሙሉ «አምናለሁ» እንጂ «አውቃለሁ» ብሎ አያውቅም፤ ያልለካሁትን አላውቅም ይል ነበር። ያን ቀን ከሁለት አልቃሾችና ከአንድ ሕፃን ቀጥሎ ወጣ፤ ማይክሮፎኑን ወደ ታች ሳበው።

«አንድ ነገር አውቃለሁ» አለ።

ጳጳሱ በደስታ ፈገግ አለ።

«ከማንታይ በኋላ ስድስት ማይል በመኪና ነው የሄድኩት። ተረከዜ ተልጦ ነበር። ልጄ ጃኒል ታውቃለች። ሃያ ሰባት ዓመት ለማንም አልተናገረችም። በሰው ፊት አዋርጄ ሳስወጣት እንኳ አልተናገረችም። ስሞቹ ከየት እንደመጡ እስካሁን አልለካሁም። ልጄን ግን በድያታለሁ፤ ይህን አውቃለሁ። አሜን።»

ሕዝቡ ለምዶበት «አሜን» አለ፤ ከዚያ ምን እንዳለ ገባው። ናዲን ከወንበሩ ሥር ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀምራለች፤ በሃምሳ አምስት ዓመት ትዳሯ በአምልኮ ሰዓት ስልክ ስትነካ የመጀመሪያዋ ነው።

ድዌን ኮሪደሩ ላይ ጠበቀው። ቨርል ሊሳለቅበት ነው ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ስድስት ማይል?» አለ ድዌን።

«ስድስት።»

ድዌን ግራና ቀኝ አየ። «እኔ እኮ ሐይቆቹን አይቻቸው አላውቅም።»

«ምን? ሠላሳ ዓመት ሙሉ?»

«አውሮፕላን እፈራለሁ።»

«መኪና አለ አይደል እንዴ!»

«ቱርኮቹን ለማን ልተዋቸው?»

ቨርል ትከሻውን መታ መታ አደረገለት።

ቤት ገብተው ናዲን ድንች ስትልጥ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የማድ ቤቱ ስልክ ጮኸ። ናዲን ቢላዋዋን ይዛ ቆመች እንጂ አላነሳችም።

«ያንተ ነው» አለችው።

ቨርል አነሳው። «ሄሎ።»

«ሰባት ነው፣ አባዬ።»

ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «ስድስት ነው» አለ።

«ሰባት ነጥብ ሁለት። ደብተሩ እጄ ላይ ነው።»

«እስካሁን አልጣልሽውም?»

«ልክ አይጣልም ያልከኝ አንተ አይደለህ? ወደድከውም ጠላኸውም አይጣልም ብለኸኛል።»

መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጠረገው። ከመመገቢያው ክፍል ኮሽታ ሰማ፤ ናዲን መርፌዎቹን እየነቀለች በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ እያጠራቀመች ነበር። ማንንም አላስፈቀደችም።

«ሰባት ነጥብ ሁለት ከሆነ» አለ በመጨረሻ፣ «አገሩ በሙሉ መፍረሱ ነው።»

«ለምስጋና ቀን ይፈርሳል?»

«እናትሽ ጀምራዋለች።» መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «ጃኒል፣ ይቅር በይኝ ልጄ። ደብተሩን ይዘሽ ነይ።»

«እመጣለሁ» አለች፤ እሷም አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማው። «በእግሬ ግን አይደለም። በመኪና ነው የምመጣው፣ እንዳንተ።»